የአባቴ ሰባት ቤትና የአክስቴ ሰባት ቤት ለምን ተለያዩ?

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው። ጠያቂዋ ሜሪላንድ የምትኖር የ29 ዓመት ወጣት ናት። አባቷ በልጅነታቸው አዲስ አበባ ገብተው ተምረው፣ ኋላም ወደ አሜሪካ የመጡ ናቸው። እስከ ሰባት ቤት ቆጥረው ስም በስም አጽፈዋታል። የአባቷ ታላቅ እህት ደግሞ ምሥራቅ ጎጃም፣ ብቸና አካባቢ ገጠር ውስጥ ይኖራሉ። እሳቸውም በስልክ ሰባት ቤት ቆጠሩላት። ከራሷ እስከ ቅድመ አያቷ፣ ማለትም እስከ አራተኛው ስም፣ ሁለቱ ይገጥማሉ። ከአምስተኛው ጀምሮ ግን አንድም ስም አይገናኝም። «የቱን ልያዝ? ዲኤንኤ ብመረመር ይፈታልኛል? ወይስ እንደ እርስዎ ያለ የዘር ሐረግ ባለሙያ ልቅጠር? ባለሙያውስ ምን ያደርግልኛል?» ትላለች።

እህቴ፣ የቱንም አትጣይ። ሁለቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ። እኔ ሥራዬ የቤተሰብ ታሪክ ማጥናትና ማስተማር ነው፤ እንዲህ ያለ ጥያቄም በብዛት ይመጣልኛል። አብዛኛው ሰው «ማን ተሳሳተ?» ብሎ ይጀምራል። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ግን «ይህ ዝርዝር ለምን ጉዳይ ተብሎ ነው የተጠናው?» የሚለው ነው።

እስቲ ሒሳቡን እንይ። አንቺ አንድ ብለሽ ራስሽን ከቆጠርሽ፣ ሁለተኛው ቤት ላይ ሁለት ወላጆች አሉሽ። ሦስተኛው ላይ አራት አያቶች። አራተኛው ላይ ስምንት። አምስተኛው ላይ 16 ሰዎች አሉ። ሰባተኛው ላይ ሲደርስ 64 ይሆናሉ። አባትሽ ከ64ቱ አንዱን ነው የሰጡሽ። አክስትሽም አንዱን። ሁለት የተለያዩ ስሞች መምጣታቸው በራሱ ምንም የሚያስደነግጥ ነገር የለውም። የሚያስገርመው በየዝርዝሩ የተጠቀሰው ሰው ለምን እንደተመረጠና ሌሎቹ 62 ለምን እንደተረሱ ነው።

መልሱ አብዛኛውን ጊዜ መሬት ነው። ጎጃም ውስጥ እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ ዘር መቁጠር የርስት ጉዳይ ነበር። ርስት የሚጠይቅ ሰው መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው አባት መወለዱን ማስረዳት ነበረበት። ያንን አቅኚ «ዋና አባት» ይሉታል። ከሥሩ ደግሞ «ምንዝር አባቶች» አሉ፤ መሬቱ የሚደለደለው በእነሱ ስም ነው። «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» የሚባለው እንዲያው ለወግ አልነበረም። ተወላጅነቱን ቆጥሮ ያስረዳ ሰው ከብዙ ትውልድ በኋላም ተመልሶ ድርሻውን መጠየቅ ይችል ነበር። ሽማግሌ ፊት፣ ዳኛ ፊት ቆሞ መቁጠር ያልቻለ ግን ባዶ እጁን ይመለሳል።

አሁን ለአንቺ ጉዳይ ቁልፉ ይህ ነው። ርስት በእናትም በአባትም ይወርዳል። ሴት ልጅ እንደ ወንድሟ ሁሉ ከአባቷ ርስት መካፈል ትችላለች፤ መብቱንም ለልጆቿ ታስተላልፋለች። ስማችን ግን በአባት ብቻ ነው የሚሄደው። ስለዚህ በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት ዓይነት ቆጠራ ጎን ለጎን ይኖራል። አንደኛው የስም ቆጠራ ነው፤ ልጅ፣ አባት፣ አያት እያለ በወንድ ብቻ ይወጣል። ሁለተኛው የርስት ቆጠራ ነው፤ መሬቱ በመጣበት መንገድ ይሄዳል። መሬቱ በሴት ከመጣ ቆጠራውም በሴቷ በኩል ወደ አባቷ ይሻገራል።

አባትሽ ከተማ ያደጉ ናቸው። የቆጠሩልሽ ምናልባት አባታቸው ያስጠኗቸውን የስም ቆጠራ ነው። አክስትሽ ግን እዚያው ቀርተው፣ አግብተው፣ መሬት ላይ የኖሩ ናቸው። የመሬት አዋጁ በየካቲት 1967 ሲታወጅ ዐዋቂ ሴት ነበሩ። ርስት ሲካፈሉ፣ ሲሟገቱ አይተዋል፤ ራሳቸውም ተሟግተው ሊሆን ይችላል። የእሳቸው አምስተኛ ስም የቅድመ አያትሽ እናት ወይም የእናቱ አባት ቢሆን አልገረምም። በዝርዝር ውስጥ ሴት ሳትታወቅ እንደምታልፍም ልብ በይ። ደስታ፣ ፀሐይ የሚሉ ስሞች ለወንድም ለሴትም ይወጣሉ። አንዳንዴ ደግሞ ነጋሪው የሴቷን ስም ዘሎ በቀጥታ አባቷን ይጠራል፤ የሚፈለገው ባለመሬቱ ነውና።

ስለዚህ ለአክስትሽ ስትደውዪ «አምስተኛው ማን ነው?» ብለሽ አትጀምሪ። ያንኑ ዝርዝር ይደግሙልሻል እንጂ አዲስ ነገር አታገኚም። ይልቅ ርስቱን ጠይቂያቸው። የቅድመ አያቴ መሬት ከየት የመጣ ነበር? በአባቱ ነው በእናቱ? በእነማን ዘር ያለውን መሬት ነበር የሚያርሰው? ግብር የሚከፈለው በማን ስም ነበር? ከነማን ጋር ተካፈላችሁ? ከነማን ጋርስ ተሟገታችሁ? ማን ዳኘ? ይህን ስትጠይቂ ትዝታቸው ይከፈታል። ሙግት የማይረሳ ነገር ነው። ከማን ጋር እንደተካሰሱ የሚያስታውስ ሰው ተቃራኒው ወገን በማን በኩል እንደሚወለድም ያስታውሳል። ከዚያ ወደ ጋብቻ እለፊ። «ከነማን ቤት ጋር ነው የማትጋቡት?» በይ። እስከ ሰባት ቤት አይጋቡም የሚባለውን ልማድ የሚጠብቁ ቤተሰቦች ጎረቤት ካለው ቤት በስንተኛው እንደሚገናኙ አብጠርጥረው ያውቃሉ። ይህ መልስ ከየትኛውም ዝርዝር ይበልጥ ይጠቅምሻል፤ ምክንያቱም ሌሎች የተቆጠሩ ቅርንጫፎችን ያሳይሻል።

ከርስት ውጭ ሌሎች ምክንያቶችም አሉ። ልጅ በአሳዳጊው ስም መጠራቱ በጣም የተለመደ ነው። አያት ያሳደገው በአያቱ ስም ይጠራል። የጡት ልጅ የሆነ፣ የእንጀራ አባት ያሳደገው፣ ከተማ ዘመድ ቤት ተልኮ ትምህርት ቤት በዘመዱ ስም የተመዘገበ አለ። እነዚህን ከሁለተኛውና ከሦስተኛው ትውልድ ላይ ቤተሰብ ያስታውሳቸዋል። ከአምስተኛው ላይ ግን ማንም አያስታውስም፤ አሳዳጊው አባት ሆኖ ይቀራል።

የስም መብዛትም አለ። ወንድ በ40 ቀኑ፣ ሴት በ80 ቀኗ ክርስትና ሲነሡ ሌላ ስም ይወጣላቸዋል። ለቤተ ክርስቲያኑ ሰው አንዱ ስም፣ ለጎረቤቱ ሌላው ስም ነው። ሹመትም ስም ይለውጣል። የእናንተው አገር ገዥ የነበሩት ራስ አዳል ተሰማ በ1873 ዓ.ም. ሲነግሡ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተባሉ። ታሪኩን የማያውቅ ሰው ሁለቱን ስሞች በሁለት ዝርዝር ቢያገኝ ሁለት ሰዎች ናቸው ብሎ ይምላል። አንቺም አክስትሽን «የክርስትና ስሙ ማን ነበር?» ብለሽ ስለ እያንዳንዱ ጠይቂ። ለፍትሐትና ለተዝካር የሚጠራው የክርስትና ስም ስለሆነ አረጋውያን ሴቶች ብዙ ጊዜ ይይዙታል።

ሌላው መሣሪያ ዘመን ማስላት ነው። ለአንድ ትውልድ በአማካይ 30 ዓመት ገደማ ስጪ። አንቺ በ1988 አካባቢ ከተወለድሽ ቅድመ አያትሽ ወደ 1890ዎቹ ይወድቃል። አምስተኛው ሰው ወደ 1860ዎቹ። ሰባተኛው ዘመነ መሳፍንት ውስጥ ይገባል። አሁን እነዚህን ከታወቁ ቀናት ጋር አገናኚ። ክፉ ቀን ከ1880 እስከ 1885 ነው። ዐድዋ የካቲት 1888። ሰገሌ ጥቅምት 1909። የኅዳር በሽታ 1911። ማይጨው መጋቢት 1928። የጎጃም ገበሬ በእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት የተነሣው በ1960። አክስትሽ የልደት ዓመት አይነግሩሽም፤ «ጣሊያን ሲገባ ጎረምሳ ነበር» ይሉሻል። ይህ ጥሩ ማስረጃ ነው። በእኔ ግምት ከሁሉ የሚያሳስበው ክፉ ቀን ነው። ከብቱ አልቆ፣ ረኃብና በሽታ አገሩን ሲመታ ብዙ ሰው ቀዬውን ጥሎ ሄደ፤ ብዙ ልጅ ወላጅ አልባ ሆነ። የእናንተ አምስተኛ ሰው በዚያ ጊዜ ልጅ ወይም ጎረምሳ ነበር። ሁለቱ ዝርዝሮች የሚለያዩበት ቦታ ላይ ይህ ዘመን መግጠሙን ሳታጣሪ አትለፊው።

ስሞቹና ዘመኑ ካልገጠሙ፣ ለምሳሌ አንድ ሰው በ80 ዓመቱ የመጀመሪያ ልጁን ወልዷል የሚያሰኝ ነገር ከመጣ፣ መሐል ላይ የተዘለለ ስም አለ ማለት ነው። ይህም ያጋጥማል።

ወረቀትስ? እውነቱን ልንገርሽ፤ ለተራ የገበሬ ቤተሰብ ከአያት በላይ ወረቀት ማግኘት ከባድ ነው። አገር አቀፍ የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ ሥራ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ነው። ቢሆንም ሰው የማያስባቸው ቦታዎች አሉ። የዕድር መዝገብ የአባሉን ቤተሰብ ስም በስም ይይዛል፤ ለማን ሞት እንደሚከፈል መታወቅ አለበትና። ፍርድ ቤት ወራሽነት ሲያረጋግጥ ምስክሮች ማን የማን ልጅ እንደሆነ ይናገራሉ፤ ያ ቃል መዝገቡ ውስጥ ይቀመጣል። የጡረታ ሰነድ አለ። አሮጌ የመሬት ግብር ደረሰኝ በሣጥን ሥር ተጠቅልሎ ይገኛል። ዳዊት ያለው ቤት ከሆነ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ገጽ ፎቶ አስነሺ፤ የልጆች ልደት እዚያ ላይ የሚጻፍበት ቤት ብዙ ነው። ከቤተሰቡ መንግሥት ቤት የሠራ ሰው ካለ አዲስ አበባ ያለው ወመዘክርም (ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) መታየት አለበት።

ቄስ፣ ደብተራ ወይም የደብር አለቃ በዘራችሁ ካለ ጉዳዩ ይለወጣል። በድሮ ብራናዎች ኅዳግና ባዶ ገጾች ላይ የመሬት ስጦታ፣ ሽያጭ፣ ውርስ ከነምስክሮቹ ስም ይጻፍ ነበር። የእናንተ አካባቢ ደግሞ ዲማ ጊዮርጊስን፣ ደብረ ወርቅንና መርጡለ ማርያምን የመሰሉ ጥንታዊ ደብሮች ያሉበት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በኢትዮጵያ ከ8 ሺህ በላይ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ተነሥተዋል። ቅጂዎቹ ሚኒሶታ ውስጥ ኮሌጅቪል፣ ሂል ሙዚየም ይገኛሉ። ብዙዎቹን ኢንተርኔት ላይ በነጻ ተመዝግቦ ማየት ይቻላል። ግዕዝና የድሮ የእጅ ጽሑፍ ማንበብ ይጠይቃል፤ እዚህ ላይ ዲያቆን ወይም መሪጌታ ዘመድ ካለሽ አስቸግሪው። ስትፈልጊ ደግሞ ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን፣ ጸ እና ፀን ሁሉ ሞክሪ። አንድ ፊደል ተለውጦ ሰውየው ሊያመልጥሽ ይችላል።

አሁን ወደ ዲኤንኤው። ማስታወቂያ ላይ የሚታየው «ይህን ያህል በመቶ ምሥራቅ አፍሪካ» የሚለው ውጤት ለአንቺ ጥያቄ ምንም አይፈይድም። የሚጠቅመው ከሌላ ከተመረመረ ሰው ጋር ምን ያህል እንደምትጋሪ ማየት ነው። ችግሩ የኩባንያዎቹ ደንበኞች አብዛኞቹ አሜሪካና አውሮፓ ያሉ ሰዎች ናቸው። ከብቸና ገጠር የተመረመረ ዘመድ ድንገት ብቅ ይላል ብለሽ አትጠብቂ። ሆን ተብሎ ሰው ተመርጦ መመርመር አለበት። ያም ሲሆን አንቺ ሳትሆኚ ሽማግሌዎቹ ይመርመሩ። አንቺ ከአምስተኛው ሰው የምትወርሺው በአማካይ 6 በመቶ ገደማ ነው። በእሱ በኩል ከምትገናኚው እኩያሽ ጋር የምትጋሪው ደግሞ ከ1 በመቶ ያነሰ ይሆናል፤ በዚህ ርቀት ከሚዛመዱ ከአሥር ሰዎች አንዱ ምንም የሚታይ ነገር ላይጋራም ይችላል። አባትሽ ግን አንድ ትውልድ ይቀርባሉ። በዚያው ሰው ከሚገናኙት እኩያቸው ጋር በአማካይ 3 በመቶ ገደማ ይጋራሉ። ይህ በግልጽ ይታያል።

የወንድ መስመሩን ብቻ ማጣራት ከፈለግሽ ዋይ ክሮሞዞም የሚባለው ምርመራ አለ። ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ ስለሚተላለፍ አባትሽ ወይም ወንድምሽ ነው የሚመረመረው። የአባትሽ ዝርዝር አምስተኛ ሰው በሌላ ወንድ ልጁ በኩል በወንድ ብቻ የሚወርድ ተወላጅ ካገኘሽ ሁለቱን ማነጻጸር ይቻላል። ከገጠሙ የአባትሽ ዝርዝር እስከዚያ ድረስ ትልቅ ድጋፍ አገኘ ማለት ነው። የአክስትሽ ዝርዝር በሴት በኩል የሚሄድ ከሆነ ግን ይህ ውጤት እሱን አያፈርሰውም። ምርመራ ከመጀመርሽ በፊት ከአባትሽ ጋር በደንብ ተነጋገሪ። ያልተጠበቀ ነገር፣ «አባቴ ያልኩት አባቴ አይደለም» የሚያሰኝ ውጤት ሊመጣ ይችላል። መረጃውም ኩባንያ እጅ ነው የሚቀመጠው። ከትልልቆቹ ኩባንያዎች አንዱ የሆነው 23ኤንድሚ እ.ኤ.አ. በ2023 የወደ 7 ሚሊዮን ደንበኞቹ መረጃ ተጋልጦበት ነበር፤ በ2025 ደግሞ ኪሳራ አውጇል።

ባለሙያ የሚሠራው ሥራ እስካሁን ካልኩት ብዙ አይርቅም፤ ልዩነቱ ሥርዓቱ ላይ ነው። መጀመሪያ ጥያቄውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ከአንቺ ጋር ይወስናል። «የዘሬን ታሪክ አጥናልኝ» ሥራ አይሆንም። «የቅድመ አያቴ ወላጆች እነማን ነበሩ?» ሥራ ይሆናል። ከዚያ ነጋሪዎችን ለየብቻ ያነጋግራል፤ አንዱ የሌላውን መልስ እንዳይሰማ። ቃላቸውን እንዳሉት ይቀዳል። የት እንደፈለገ፣ የት ፈልጎ እንዳጣም ይመዘግባል። ዋሽንግተን ላይ እ.ኤ.አ. በ1964 የተመሠረተው የዘር ሐረግ ባለሙያዎች ማረጋገጫ ቦርድ የሚጠይቃቸው ነገሮች አሉ፤ አንዱ የሚጋጩ ማስረጃዎችን ግጭት መፍታት ነው። ግጭቱን ሳያነሣ አንዱን ዝርዝር መርጦ የሚጽፍልሽ ሰው ሥራውን አልሠራም። ክፍያ ብዙውን ጊዜ በሰዓት ነው፤ ጣሪያውን አስቀድመሽ በጽሑፍ ተስማሚ። ውጤት አረጋግጣለሁ የሚልሽን፣ በተለይ ደግሞ ከንጉሥ ቤት አገናኝሻለሁ የሚልሽን ሽሺ።

አንድ ከባድ ነገር አለ፤ ሳልናገረው ማለፍ አልፈልግም። አንዳንድ ሰው ከዝርዝር የወጣው በመሬት ምክንያት ብቻ አይደለም። ባሪያ ተብሎ የተሸጠ፣ አንጥረኛ ወይም ሸማኔ ነው ተብሎ የተናቀ ቅድመ አያት ስሙ ሆን ተብሎ ይዘለል ነበር። ያንን ዝም የተባለ ስም ማግኘት ለእኔ የዚህ ሥራ ከባዱም ክቡሩም ክፍል ነው። ሆኖም አገር ቤት ያሉ ዘመዶችሽ ከዚያ ወሬ ጋር ነው የሚኖሩት። እንዲህ ያለ ነገር ካገኘሽ ጽፈሽ አስቀምጪ፤ ኢንተርኔት ላይ ባለ የቤተሰብ ዛፍ ላይ ግን ሳታስፈቅጂ አትለጥፊ።

እንግዲህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን። ባለሙያ ከመቅጠርሽ በፊት አክስትሽን አነጋግሪ። እሳቸው ዘንድ ያለው ዕውቀት ሌላ ቦታ አይገኝም። አሁን ወደዚያ መጓዝ ቀላል ስላልሆነ አጠገባቸው ያለ የአጎት ወይም የአክስት ልጅ ስልክ ይዞ ይቅዳልሽ፤ አስቀድሞ ፈቃዳቸውን ይጠይቅ። መጀመሪያ ለብቻቸው ይቅዳቸው። አንድ ጊዜ ብቻ ግን አይበቃም፤ በሌላ ቀን ይደገም። ሁለተኛው በቡና ሰዓት ይሁን፤ ሌሎች ሽማግሌዎች ሲኖሩ ይሟገታሉ፣ በሙግቱ መሐል ነው ብዙ ነገር የሚወጣው። ቅጂውን አንቺም እነሱም ዘንድ አስቀምጡት።

እስከዚያው ዛፉ ላይ አምስተኛው ቦታ ሁለቱንም ስሞች ጻፊ። ከእያንዳንዱ አጠገብ ማን እንደነገረሽና መቼ እንደነገረሽ ይኑር። ኮምፒዩተሩ የቤተሰብ ስም ሲጠይቅሽ የአሜሪካውን መታወቂያሽን ተከትለሽ የአያትሽን ስም ለሁሉም አታልብሺ፤ እያንዳንዱ ሰው ከገዛ አባቱ ስም ጋር ይጻፍ፤ ሴቶቹም በባላቸው ስም አይጻፉ። አክስትሽ ስለ ርስቱ የሚሉትን ከሰማሽ በኋላ አምስተኛው ስም ሴት ወይም የሴት አባት ሆኖ ከተገኘ ባለሙያ ላያስፈልግሽ ይችላል። ካልሆነ ደግሞ ቅጂውንና ሁለቱን ዝርዝሮች ይዘሽ ለባለሙያው ስትሰጪው የሥራው ግማሽ ተሠርቶ ይጠብቀዋል፤ ሒሳቡም በዚያው ልክ ይቀንስልሻል።